ከትልቅ ከተማ ወደ ትንሽ የገጠር ከተማ፦ ኑሮው መሻሉን ከመዛወራችን በፊት በምን እናውቃለን?

ሁለት ልብ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሳ ነው፤ የሚሰጠው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወይ «ሰላም ነው፣ አየሩ ንጹሕ ነው» ወይ ደግሞ «እዚያ ምን አለ ብላችሁ ነው» የሚል ነው። ሁለቱም ለመወሰን አይረዱም። የምንፈልገው የሚለካ ነገር ነው።

ሁኔታው ይህ ነው። ቤተሰቡ አራት ሰው ነው፦ ሁለት ጎልማሶች፣ የ8 ዓመት ልጅ፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ የ71 ዓመት እናት። ከጎልማሶቹ የአንዱ ሥራ በኢንተርኔት ነው፤ ሌላው እዚያ ሥራ ይፈልጋል። የታሰበችው ከተማ ወደ 12,000 ሰው አላት፤ ከትልቁ ከተማ 90 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ለማየት ሁለት ሳምንት አለን። በሁለት ሳምንት ምኑን እንፈትሽ? ሰው በብዛት የሚሳሳተውስ የቱ ላይ ነው?

ቀያሽ፦

መጀመሪያ በመጠኑ እንስማማ፤ «ትንሽ ከተማ» ሲባል ሁሉም የየራሱን ነውና የሚያስበው። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን በ2020 (እ.ኤ.አ.) በተቀበለው አከፋፈል፣ ትልቅ ከተማ የሚባለው ቢያንስ 50,000 ሰው ተጠጋግቶ የሚኖርበትና በካሬ ኪሎ ሜትር ቢያንስ 1,500 ሰው ያለበት ቦታ ነው። ቢያንስ 5,000 ሰውና በካሬ ኪሎ ሜትር 300 ሰው ያለው ደግሞ መካከለኛው መደብ ውስጥ ይገባል። የእናንተዋ ገጠርም ትልቅ ከተማም አይደለችም፤ ጠባይዋም የራሷ ነው።

ጠባይዋን የሚወስነው ምን እንደሆነ ጀርመናዊው የጂኦግራፊ ምሁር ዋልተር ክሪስታለር በ1933 (እ.ኤ.አ.) አስቀምጦታል፤ ዛሬም ይሠራል። ማንኛውም አገልግሎት ሳይዘጋ እንዲቆይ የሚበቃው ደንበኛ ያስፈልገዋል፤ ደንበኛውም ለዚያ አገልግሎት ብሎ የሚሄድበት ርቀት ልክ አለው። ፀጉር ቤትን ሁለት ሦስት ሰፈር ያኖረዋል። የኩላሊት ሐኪም ግን የሰፊ አካባቢ ሰው ካልመጣለት አይቆይም። ስለዚህ 12,000 ሰው ባለበት ከተማ ብዙ ነገር ታገኛላችሁ፤ ያለው ግን አንድ አንድ ነው። አንድ የጥርስ ሐኪም፣ አንድ ጥሩ መካኒክ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የሚገባ አንድ የመብራት መስመር፣ የሚያስወጣ አንድ ድልድይ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሊያይ ይሄድና «ፋርማሲ አለ?» ይላል። «አለ» ይሉታል፤ እውነትም አለ። መጠየቅ የነበረበት «እሱ የተዘጋ ቀን ሁለተኛው የት ነው?» ብሎ ነው። ትልቅ ከተማ ውስጥ ይህ ጥያቄ ትዝ አይልም፤ ሁለተኛው መንገዱን ተሻግሮ ነዋ። ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ አገልግሎቱ፣ የመጀመሪያው ቦታ፣ ሁለተኛው ቦታ፣ ሁለተኛው ጋ ለመድረስ ከበር እስከ በር የሚፈጀው ጊዜ። ፋርማሲ፣ ድንገተኛ ሕክምና፣ ላቦራቶሪ፣ ጥርስ፣ ትምህርት ቤት፣ ባንክ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ኢንተርኔት፣ የመኪና ጥገና፣ የሕዝብ ትራንስፖርት፣ መውጫ መንገድ። «የለም» የሚለው መልስ በበዛ ቁጥር ኑሮው በመጠባበቂያ የሚገፋ ይሆናል፤ መጠባበቂያው ደግሞ ገንዘብና ቦታ ይፈልጋል።

ሁለተኛው መለኪያ ሰዓት ነው። አሁን ወደ ሥራ ለመሄድ 45 ደቂቃ፣ ለመመለስ 45 ደቂቃ የሚፈጅበት ሰው በሳምንት 5 ቀን፣ በዓመት 48 ሳምንት ሲመላለስ 360 ሰዓት መንገድ ላይ ያሳልፋል። በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ብናሰላው 45 ቀን ነው። በትንሿ ከተማ 10 ደቂቃ ቢሆንለት 80 ሰዓት። 280 ሰዓት ተረፈ ማለት ነው፤ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ላይ ወደ ትልቁ ከተማ የሚኬድበት ይቀነሳል። 90 ኪሎ ሜትር በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢኬድ ደርሶ መልስ 3.6 ሰዓት ነው። በወር ሁለቴ ከሆነ በዓመት 86 ሰዓት ገደማ፤ አሁንም አትርፋችኋል። በሳምንት አንዴ ቢሆን እንኳ ከ100 ሰዓት በላይ ይተርፋል። በሳምንት ሦስቴ ከሆነ ግን 518 ሰዓት ይሆንና ከድሮው ብሳችሁ ቁጭ ትላላችሁ። ስለዚህ ያለፉትን ሦስት ወራት ቀን በቀን አስታውሱና ከትንሿ ከተማ ቢሆን ኖሮ ስንት ጊዜ መሄድ የግድ ይሆን እንደነበር ቁጠሩ። በግምት አትለፉት፤ በግምት የቆጠረ ሰው አሳንሶ ነው የሚቆጥረው።

ተረኛ፦

የጤናውን ልውሰድ። ሰው እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ያያል፤ የዘወትር ክትትልንና ድንገተኛን። በመጀመሪያው ትንሽ ከተማ ብዙ ጊዜ ትበልጣለች። በሁለተኛው ታንሳለች።

የደም ግፊት የሚፈልገው ትልቅ ሆስፒታል ሳይሆን እናታችሁን በስም የምታውቅ ነርስና የማይቋረጥ መድኃኒት ነው። መለኪያውን ቤት አስቀምጡ፤ የክንድ ይሁን እንጂ የእጅ አንጓ አይሁን። 5 ደቂቃ ዝም ብለው ወንበር ተደግፈው ይቀመጡ፣ እግር አይነባበር፣ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይረፍ፣ ጨርቁ ልብስ ላይ ሳይሆን ባዶ ክንድ ላይ ይታሰር። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በመሐሉ አንድ ደቂቃ አርፎ፣ ለ7 ቀን። የመጀመሪያውን ቀን ጣሉትና የቀረውን አማካይ ያዙ። ቤት ውስጥ ተለክቶ አማካዩ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ብሏል፤ ሐኪም ይየው። የሚበላሸው መድኃኒቱ ላይ ነው። ያንን ዓይነት የሚወስዱት በከተማዋ ሦስት ሰዎች ብቻ ከሆኑ ፋርማሲው አያከማችም። እናም የመድኃኒቱን ስምና መጠን ይዛችሁ ገብታችሁ «አሁን መደርደሪያ ላይ አለ?» በሉ፤ «ይመጣል» የሚለውን እንደ «የለም» ቁጠሩት። ቤት ውስጥ የአንድ ወር ትርፍ ይኑር።

ድንገተኛው ግን ሒሳብ ይፈልጋል። በደም መርጋት የሚመጣ ስትሮክ ላይ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሰውየው ደህና ሆኖ ከታየበት የመጨረሻ ሰዓት አንስቶ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ነው፤ 270 ደቂቃ። ያውም በሲቲ ስካን (የጭንቅላትን ውስጥ በራጅ በሚያሳየው መሣሪያ) አንጎል ውስጥ ደም አለመፍሰሱ ሳይረጋገጥ አይሰጥም። (ለተመረጡ ሕመምተኞች የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ የማውጣት ሕክምና እስከ 24 ሰዓት ሊደርስ ይችላል፤ እሱ ግን በጥቂት ትልልቅ ማዕከሎች ብቻ ያለ ነው።) አሁን አስሉት። ምልክቱን አይቶ እስከ መደወል 20 ደቂቃ፣ አምቡላንሱ እስኪነሳ 10፣ ቤት እስኪደርስ 15፣ አንስቶ እስኪጭን 15፣ መንገድ 110፣ ከደረሱ በኋላ ምርመራና ውሳኔ 40። ድምሩ 210። የቀረው ትርፍ 60 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ይህም ሁሉም ነገር ከቀና ነው። ያለው አንድ አምቡላንስ ወላድ ይዞ ሄዶ ከሆነ ትርፉ አለቀ። እናታችሁ ከእንቅልፍ ሲነሱ ግማሽ ፊታቸው ወርዶ ከተገኘ ሰዓቱ የሚቆጠረው ማታ ከተኙበት ነው። ስለዚህ ምልክቱን ቤት ያለ ሁሉ ልጁም ጭምር ይወቀው፦ ፊት ወደ አንድ ጎን መጉበጥ፣ አንድ ክንድ አልነሳ ማለት፣ አንደበት መያያዝ። ያየ ሰው ወዲያው ይደውል፤ ሰዓቱንም ይጻፍ።

የልብ ደም ሥር በድንገት ሲዘጋ ሌላ ሒሳብ ነው። በኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት በሚመዘግበው ምርመራ) ከታወቀ በኋላ በ120 ደቂቃ ውስጥ ደም ሥሩን በቱቦ የሚከፍት ሆስፒታል ደርሶ ማስከፈት ካልተቻለ፣ የሚያሟሟው መድኃኒት እዚያው መሰጠት አለበት። የእናንተ መንገድ ብቻውን 110 ነው፤ መጫኛው ሲደመር ያልፋል። ስለዚህ ለትንሿ ከተማ ጤና ተቋም ሦስት ጥያቄ አለ፦ ኢሲጂ አላችሁ? ሌሊት የሚያነበው ማነው? መድኃኒቱስ እጃችሁ ላይ አለ? ሦስተኛው መልስ «የለም» ከሆነ ሕንፃው ምንም ቢያምር ለዚህ ሕመም አይጠቅማችሁም።

ልብ ጨርሶ ሲቆም ደግሞ ከተማውም ገጠሩም የሚዳኘው በጎረቤት ነው። ደረት መጫንና የኤሌክትሪክ ንዝረት በዘገየ በየደቂቃው የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይወርዳል፤ 15 ደቂቃ የሚጠብቅ የለም። ሁለታችሁም ሲፒአር (ልቡ የቆመን ሰው ደረት በመጫን የመርዳት ዘዴ) ተማሩ፦ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ደረቱ በየመሐሉ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ።

ቧንቧ፦

ውሃ። ቤት ሊከራይ የሄደ ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ውሃ ሲወርድ ያይና ይረካል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያዙና ሰዓት ቁጠሩ። በ2 ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር ነው፤ ጥሩ ነው። ይህን ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት፣ ሁሉም ሲከፍት ድገሙት፤ ከዚያ ማታ። የጠዋቱ ከግማሽ በታች ከወረደ ቤቱ ከመስመሩ ጫፍ ወይም ከፍታ ላይ ነው፤ በድርቅ ወራት መጀመሪያ የሚቋረጥበት እሱ ነው። ከዚያ ጎረቤት ጠይቁ፤ «ውሃ ይጠፋል?» ብላችሁ ሳይሆን «ባለፈው ረጅም የጠፋ ጊዜ ስንት ቀን ቆየ?» ብላችሁ።

የታንከሩ (የሮቶው) መጠን ከዚያ መልስ ይወጣል። ለአንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ይታሰባል፤ 80 ብንይዝ አራት ሰው 320 ሊትር ነው። ሦስት ቀን ከጠፋ 960፤ እንግዲህ 1,000 ሊትር። ያ ማለት አንድ ቶን ክብደት ነው። እንጨት ርብራብ ላይ ተሰቅሎ ከዓመት በኋላ አንድ ጎኑ የሰመጠ ታንከር በየቦታው ታያላችሁ፤ ሲሰምጥ መገጣጠሚያው ቧንቧ ይሰነጠቃል። ኮንክሪት ላይ ይቀመጥ፣ ታችው ሙሉ በሙሉ ይረፍ። የ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል፤ ከሻወሩ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ታንከር 0.3 ባር ነው። ለመታጠብ ይሆናል፤ ውሃ ሲያልፍበት የሚያሞቀው ዓይነት ማሞቂያ ግን ብዙውን ጊዜ በዚህ አይነሳም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ዝቅተኛ ግፊቱን መመሪያው ላይ እዩ። ብርሃን የሚያሳልፍ ታንከር አረንጓዴ ያበቅላል። መትረፊያው ቱቦ አፉ ላይ ወንፊት ከሌለው ትንኝ ይራባበታል። ከሁሉም በላይ የሚረሳው ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ነው፤ እሱ ከሌለ መስመሩ ሲደርቅ ያጠራቀማችሁት ተመልሶ ወደ ዋናው መስመር ይሄድባችኋል።

አንድ ነገር በጣም ላስጠንቅቅ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የመጀመሪያውን ወደ ታንከር አታስገቡ። መስመሩ ባዶ ሆኖ ሳለ በስንጥቁ በኩል ከአፈሩ እርጥበት ይስባል፤ ዝገቱም ይነሳል። በውጭ ቧንቧ በኩል እስኪጠራ ልቀቁት፤ ለአትክልት ይሁን። ለዚህ ተብሎ ከታንከሩ በፊት አንድ መዝጊያ መግጠም ርካሽ ነገር ነው፤ አብዛኛው ቤት ግን የለውም።

ቤቱ በጉድጓድ ውሃ የሚኖር ከሆነ መጸዳጃው ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ የመጸዳጃው ጉድጓድ ወለልም ከከርሰ ምድር ውሃው ከፍታ ቢያንስ 1.5 ሜትር በላይ ይሁን። የጎረቤት መጸዳጃም ይለካል፤ አፈሩ አጥር አያውቅም። ውሃውን ላቦራቶሪ ስጡ። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ ኮላይ (ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚያሳይ ባክቴሪያ) ዜሮ መሆን አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር ለናይትሬት 50 ሚሊ ግራም፣ ለፍሎራይድ 1.5፣ ለአርሰኒክ 0.01 ነው። እርሻ በከበባት ከተማ ናይትሬቱን አትዝለሉ፤ ከማዳበሪያና ከእንስሳት በረት ይገባል፤ በጡጦ ለሚያድግ ሕፃን አደገኛ ነው። ማፍላት ባክቴሪያን ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ያከማቸዋል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ደግሞ በቀለም መመርመሪያው ነፃ ክሎሪን በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም መገኘት አለበት። ምንም ካልተገኘ የሚጠጣውን አክሙት።

አንቴና፦

የቀያሽን «ሁለተኛው የት ነው» ወደ ኢንተርኔት ላምጣው፤ በጣም የሚያታልለው እዚያ ላይ ነውና። ሰው ሁለት ካምፓኒ ሲያይ ሁለት መንገድ አለኝ ይላል። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ማማ ላይ ተሰቅለዋል፤ ወይም ሁለቱም በአንድ ጎዳና ዳር በተቀበረ አንድ የፋይበር ገመድ ይወጣሉ። መንገድ የሚቆፍር ማሽን ያንን ሲቆርጠው ሁለቱም አንድ ላይ ይጠፋሉ። የተለየ መውጫ እንዳለ የሚታወቀው አንድ ጥያቄ ለአካባቢው ሰው በመጠየቅ ነው፦ «ባለፈው አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይሠራ ነበር?»

ፍጥነት ስትለኩ የሚወርደውን ብቻ አትዩ። ለጠራ የቪዲዮ ስብሰባ ወደላይ የሚላከውም ከ3 እስከ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ይፈልጋል። ልኬቱ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ ሦስት ቀን፣ ሥራ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ በሩ ተዘግቶ ይሁን። አማካዩን ተዉት፤ ዝቅተኛውን ያዙ። መዘግየቱ (ምልክቱ ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ከልኬት ልኬት እየዘለለ ከሆነ ፍጥነቱ ቢበዛም ድምፅ ይቆራረጣል። ሳተላይትን እንደ መጠባበቂያ ካሰባችሁ ከፍታው ወሳኝ ነው፤ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ የቆመው ዓይነት ምልክቱ ሄዶ እስኪመለስ ብቻ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ስብሰባ ላይ ሁለት ሰው አንዴ ያወራል። ወደ 550 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞሩት ግን ለዚህ ይሆናሉ።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩን ማቆየት ከባድ አይደለም። ራውተር ወደ 12 ዋት ይበላል። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ተጠቀሙ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ያቆያል። ነገር ግን የማማው ባትሪ ከሞተ የእናንተ ዋጋ የለውም፤ መብራት በጠፋ በስንት ሰዓቱ ኔትወርክ እንደሚጠፋ ጎረቤት ያውቃል። በተጨማሪ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ሶኬቱን በቴስተር ለኩ። መደበኛው 230 ቮልት ከሆነ ባለ 2 ኪሎ ዋት ማፍያ ከመክፈታችሁ በፊትና በኋላ እዩት። ከ10 ቮልት በላይ ከወረደ መስመሩ ረጅም ወይም ቀጭን ነው፤ አለዚያም የላላ ማሰሪያ አለ። የላላው ይሞቃል፤ እሳትም ያስነሳል። ያንን ሳያስተካክሉ መግባት አይገባም።

መሐል ሰፈር፦

የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ጸጥታና አየር ለትንሽ ከተማ ያለ ክርክር ሲሰጥ ዝም አልልም። ብዙ ትንንሽ ከተሞች የተቆረቆሩት ዋና መንገድ ዳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ የመንገድ ድምፅ የቀን ተሌሊት አማካይ ከ53 ዴሲቤል፣ የሌሊቱ ከ45 እንዳይበልጥ ይመክራል። ከባድ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ማርሽ እየቀየረ የሚወጣበት ዳገት አጠገብ ያለ ቤት፣ ከትልቅ ከተማ የውስጥ ለውስጥ መንገድ የባሰ ነው። መስኮት ከፍታችሁ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ለኩ። የስልክ መለኪያ ትክክለኛ ባይሆንም ሁለት ቤት ለማወዳደር ይበቃል፤ የ10 ዴሲቤል ልዩነት ለጆሮ እጥፍ ያህል ነው የሚሰማው።

አየሩም እንዲሁ። ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ፣ ሁሉም ቤት እንጨት የሚያነድባት፣ ነፋስ በሌለበት ቀዝቃዛ ምሽት ቀዝቃዛው አየር ታች ይተኛና ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ጭሱን እንደ ክዳን ይገጥምበታል። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን ለደቃቅ ብናኝ (ፒኤም 2.5) በ24 ሰዓት አማካይ 15፣ በዓመት አማካይ 5 ማይክሮ ግራም በሜትር ኩብ ነው። እንዲህ ያለ ምሽት ያንን ብዙ እጥፍ ያልፋል። ቀን ሄዶ ሰማዩን አይቶ የተመለሰ ሰው ይህንን አያውቅም። ማለዳ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ከፍ ያለ ቦታ ቆማችሁ ወደታች እዩ፤ የጭሱ ንጣፍ በዓይን ይታያል።

ሌላው የሥራ ጉዳይ ነው። ከተማዋ በአንድ ፋብሪካ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት የምትኖር ከሆነ እሱ ሲዘጋ ሥራውም ይጠፋል፣ የቤት ዋጋም ይወድቃል፣ ልጆች ስለሚቀንሱ የትምህርት ቤቱ መምህራንም ይቀነሳሉ። ሁሉም ተያይዘው ይመጣሉ። ሥራ የሚፈልገው ሰው በሙያው ስንት ቀጣሪ እንዳለ ይቁጠር፤ አንድ ብቻ ከሆነ ያ ቀጣሪ ደመወዝ ሲያሳንስም የሚሄዱበት የለም።

ልጁ ዛሬ 8 ነው፤ በአምስት ዓመት 13 ይሆናል። አንደኛ ደረጃውን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ሁለተኛ ደረጃው የፊዚክስና የሒሳብ መምህር ዓመቱን ሙሉ አለው ወይ? ላቦራቶሪው በር ላይ ያለው ቁልፍ ዝጎ እንደሆነ እዩ፤ ብዙ ይናገራል። እናታችሁ ደግሞ በአሥር ዓመት 81 ይሆናሉ። ብርቱ ሰው 400 ሜትር በ5 ደቂቃ ይሄዳል፤ ለእሳቸው ያ ርቀት ዳገት ከሆነ ቤት መዋል ማለት ነው። መቀመጫ ያለበት፣ ጥላ ያለው፣ ለጥ ያለ መንገድ ወደ ፋርማሲና ወደ ጎረቤት የሚያደርስ ቤት ከሰፊ ግቢ ይበልጥባቸዋል።

ሰው ሰውን ስለሚያውቅበትም እናገራለሁ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው በትንሽ ከተማ እውነት ነው፤ እናታችሁ ሁለት ቀን ካልታዩ የሚያንኳኳ ሰው ይኖራል። ያው ዓይን ግን ፋርማሲ ምን እንደገዛችሁም ያያል። የአእምሮ ሕክምና የሚከታተል፣ ከትዳር የሚለይ፣ ከብዙኃኑ የሚለይ ነገር ያለው ሰው ከትልቅ ከተማ የሚያገኘው አለመታወቅ እንደ መድኃኒት ነው። ይህን በቁጥር መለካት አይቻልም፤ መመዘን ግን ይገባዋል።

ሁለት ልብ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ያሰብነውን ግማሹን ትታችሁ ያላሰብነውን ነው ያመጣችሁልን። ሁለት ጥያቄ ቀርቶናል። ሁለቱን ሳምንት እንዴት እንከፋፍለው? ደግሞ የስትሮኩ 60 ደቂቃ በጣም አስፈራን፤ የሚሰፋበት መንገድ አለ?

ቀያሽ፦

ቅደም ተከተሉ በገንዘብ የማይስተካከለውን ማስቀደም ነው። ታንከር ይገዛል፣ ባትሪ ይገዛል። የመንገድ ርዝመት፣ የጭስ ሸለቆ፣ የቀጣሪ ብዛት፣ የሁለተኛ ደረጃው መምህር አይገዛም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ለእነዚህ ስጡ፤ ከአራቱ ሁለቱ ካልሆኑ ቀሪውን ጊዜ ሌላ ከተማ እዩበት። ከዚያ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ነዋሪ ኑሩ። ማረፊያችሁ የተከራያችሁት ቤት ይሁን፤ በመደበኛ የሥራ ሰዓት ሥሩ፣ በሕዝብ ትራንስፖርት ወደ ትልቁ ከተማ አንዴ ሂዱና ተመለሱ። የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነሳ ያን ጊዜ ታውቃላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ከምታስቡት ይቀድማል። እንዳትገዙ፤ ለ12 ወር ተከራዩ። የዝናቡንም የድርቁንም ወር ማየት አለባችሁ፤ ድልድዩ የሚዘጋው በአንዱ፣ ውሃው የሚጠፋው በሌላው ነው። የድሮ ቤታችሁንም በዚያ ዓመት አትሽጡት፤ ማከራየት ከቻላችሁ አከራዩት።

ተረኛ፦

ይሰፋል። ትልቁ ከተማ ላይ አትቸከሉ። መፈለግ ያለባችሁ ሲቲ ስካን ያለውን ቅርብ ቦታ ነው፤ እሱ ደግሞ በመንገድ መሐል ያለ መካከለኛ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። 40 ኪሎ ሜትር ላይ ቢገኝ በዚያው ፍጥነት መንገዱ ከ110 ወደ 48 ደቂቃ ይወርዳል፤ ድምሩ 148 ይሆንና ትርፉ ከ60 ወደ 122 ደቂቃ ያድጋል። በሁለተኛ ደረጃ ቤታችሁን ለአምቡላንስ ሹፌር የሚገልጽ አንድ አረፍተ ነገር ጻፉ፤ በሌሊት የሚታይ ምልክት ይኑረው፤ ስልክ አጠገብ ይለጠፍ። «ቀዩ በር» ሌሊት አይታይም። አምቡላንሱ ሌላ ሰው ይዞ ከሄደ የሚያደርሳችሁ መኪና ያለው ጎረቤትም አስቀድሞ ይታወቅ፤ በዚያ ጊዜ ከሆስፒታሉ ጋር በስልክ እየተነጋገራችሁ ሂዱ እንጂ ዝም ብላችሁ አትድረሱ፤ የ40 ደቂቃውን ዝግጅት ያሳጥራል።

ለመካከለኛው ሆስፒታል ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሲቲ ስካኑ አሁን ይሠራል? ሌሊት ባለሙያው ግቢ ውስጥ ነው ወይስ ከቤቱ ይጠራል? መድኃኒቱ ክምችት ውስጥ አለ? ከቤቱ የሚጠራ ከሆነ ሌላ 30 ደቂቃ ደምሩበት። ጥያቄውን ለቀን ሰው አትጠይቁ፤ ማታ ተራ ሲቀያየሩ ሄዳችሁ ለሌሊቱ ተረኛ አቅርቡለት።